ባዶ ኮርቻ

ለሰልፈኞች ውኃ አቀብለሻል ብለው ከዳንግላ ሲያመጡኝ እጄን ከሊጥ እንኳ አልታጠብኩም ነበር። እንጅባራ ሲያደርሱኝ ጫማዬን አስወልቀው ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገቡኝ። የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። «ጠጋ በይ ልጄ፣ እዚህ ይሻልሻል» ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንዲት እናት ናቸው።

እኒህ እናት ፈረሰኛ ልጃቸው በሰልፉ ቀን በጥይት ተመትቶባቸዋል። ሰው ሳይሰበሰብ ቅበሩት ተባሉ። በእኛ አገር ደግሞ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ባዶ ኮርቻውን እንደያዘ፣ ለቀስተኛው መሀል ይዞራል። ያ ካልሆነ ሰውየው መሄዱን ማን ያውቃል? እሳቸውም ፈረሱን ሊያስዞሩ ሲያስጭኑ ተያዙ። እስር ቤቱም ውስጥ ለቅሶ ክልክል ነው፤ አንዷ ብታለቅስ ሁላችንም ፀሐይ መሞቅ እንከለከላለን። ለእኛ ብለው ዋጥ አድርገውት ይውላሉ። ተረከዛቸው ግን አንዳንዴ ብቻውን መሬቱን ይመታል።

የበዓል ለት ሁለት ጠባቂዎች ጠላ ቀማምሰው መጡ። አንደኛው ተረበኛ ቢጤ ነው።

«እስቲ ጨፍሩልን። በዓሉን ኩርምት ብላችሁ ልትቀብሩት ነው?»

እናትየው ተነሡ።

«ጭፈራ ክልክል አይደለም ማለት ነው?»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎማ ይምሩን እንጂ» አለ እየሳቀ።

ነጠላቸውን አጣጥፈው ጀርባቸው ላይ ጣሉት። አንገታቸውን ሰበር ቀና፣ ሰበር ቀና እያደረጉ፣ በባዶ ተረከዛቸው ሲሚንቶውን እየመቱ መዞር ጀመሩ። ዘፈን የለ፣ ከበሮ የለ። የሚሰማው ትንፋሻቸው ነው፣ እንደ ደከመው ፈረስ። ተረበኛው ማጨብጨብ ጀመረ። ሌላው ጠባቂ፣ በአገውኛ የሚያወራን የገጠር ልጅ፣ እጁን ያዘው።

«ተው። ለቅሶ ነው።»

አሁን ሊያስቆሟቸው ነው አልኩ። ብድግ ብዬ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ ሌሎቹም እንደኔው አዘቅዝቀው ቆሙ። የገጠሩ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጨረሱ ስንል እንደገና ጀመሩ። በአጠገቤ ሲያልፉ ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለአባቴ» አሉኝ። «እሱን ያኛው መንግሥት ነው የወሰደው። ለሱም ፈረስ አልዞረለትም።»

በማግስቱ ፀሐይ ተከለከልን። ማንም አላጉረመረመም።

ከተፈታሁ ወዲህ የፈረሰኞች በዓል ሲሆን እንጅባራ እሄዳለሁ። ሰው ጋላቢውን ያያል፤ እኔ የምሰማው ኮቴውን ነው። ጌታው ለውኃ ወርዶ ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ካየሁ ግን፣ ሰውየው እስኪመለስ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።