አለቃዬ አፈርሳታ የገባ ለታ

ልጄ ዛሬ «ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠራሁ» አለችኝ። «ሥራሽስ?» አልኳት። አለቃዋ ግን «ሂጂ፣ ደመወዝሽ አይነካም» ብሏታል።

እኔ በንጉሡ ጊዜ ሰቆጣ፣ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ነበርኩ። አገሬ ጋዝጊብላ በሬ ተሰረቀና አፈርሳታ ተጠራ። ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረ ይጠረጠራል።

አለቃዬ «በሩን ማን ሊጠብቅ? ከሄድክ እንዳትመለስ!» አለኝ።

ብቀር ሌባ፣ ብሄድ ሥራ ፈት። ሄድኩ።

በማግስቱ አለቃዬ በበቅሎ መጥቶ ሰው መሀል ገባና እጄን ያዘኝ። «ተነስ!»

አፈርሳታውን የሚመሩት ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ጌታው፣ እዚህ የገባ ሰው ሌባው ሳይታወቅ አይወጣም። ይቀመጡ» አሉት።

ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

«ለመሆኑ በሬው የጠፋ ለታ እርስዎ የት ነበሩ?» አሉት ሽማግሌው።

እጄን ለቀቀኝ። ተቀመጠ። (ያውም እበት ላይ።)

ሌባው እስኪታወቅ እዚያው አጠገቤ ሰነበተ፤ በሶዬንም አብሮኝ በላ።

ከዚያ አብረን ሥራ ተመለስን፤ ወሩ ሲያልቅ የሱም ደመወዝ አልጎደለ፣ የኔም አልጎደለ።

እናንተስ ለምስክርነት ስትጠሩ አለቃችሁ ምን አለ? አጠገባችሁ የተቀመጠ ካለ ንገሩኝ።