እሳት የበላት ሸክላ

ተልባ ሲቆላ የሚሰማው ዓይነት መንጣጣት ጆሮዬ ላይ ሲመለስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። መርፌዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነበር፤ ከዚያ ጊታሩ ያለቅሳል፣ ዘፋኙ ሰውዬ ይከተለዋል።

በቢቸና የሸክላ ማጫወቻ የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነበር። አስመራ ለአሜሪካኖች አናጢ ሆኖ ይሠራ የነበረው አጎቴ በአንድ መስከረም ከነማጫወቻው አንድ ካርቶን ሸክላ ይዞ መጥቶ፣ ለእኔ ትቶልኝ ተመለሰ፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ ጊታር የሚዘፈን የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ፣ በየገጹ አንድ አንድ ዘፈን ብቻ ያለበት ነበር። በጋውን ሙሉ ማንም ሳያስተምረኝ ማጫወቻውን እየፈታሁ እየገጠምኩ አሠራሩን ለየሁት፤ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከእኔ በቀር የሚነካው አልነበረም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ነፍስ እዘራበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ፀሐይ ጠፋች። በዚያው ሰሞን አባቴ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመልሶ፣ ሰባት ቀን ሙሉ መደብ ላይ ተኝቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ መርዶ እየጠበቀ ጆሮውን ወደ ቤታችን አቁሞ ነበር። እኔ ላጫውተው ብዬ ከሁሉ የምወዳትን ሸክላ በደከመ ድንጋይ አስነሣኋት። ዘፋኙ እየተጎተተ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ ልክ እንደ ሙሾ አውራጅ ያቃስት ጀመር። ግማሽ ሳይደርስ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ የሰፈሩ ሴቶች ተከተሏቸው።

«አያ ደሴን! ወንድሜን!»

«ማን ሞተ?» አለ አባቴ ከመደቡ ቀና ብሎ።

እትዬ ጥሩነሽ ክው ብለው ቆሙ። «አንተ ነሃ» አሉ።

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። አባቴ እየተንቀጠቀጠ ተነሥቶ፣ ሸክላዋን ከመርፌው ሥር መንጭቆ ምድጃ ውስጥ ወረወራት።

«በቁሜ ያስለቀስክብኝ ልጅ፣ ስሞት እንባህን አልፈልገውም» አለኝ።

ጥፋቱ የክረምቱ ነው፣ የድንጋዩ ነው፤ የእኔ እጅ አይሳሳትም። ስጎረምስ ሞጣ ገብቼ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆንኩ፤ ተምረው የመጡት ያቃታቸውን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር። አባቴ ሲሞት ቢቸና ሄጄ ከመቃብሩ ዳር ቆምኩ። እንባህን አልፈልገውም ብሎኝ የለ? አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩለትም። ሰው ጨካኝ አለኝ፤ ይበል አልኩ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከባሕር ዳር አንድ ሲዲ አመጣልኝ፤ የዚያን ዘመን የብሉዝ ሸክላዎች ከያሉበት ተለቅመው ሃያው በአንድ ላይ የተሰበሰቡበት ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ጊታሩን አወቅኩት። እሳት የበላት ያቺው ናት። ዘፈኑ አባቴ ያቋረጠበትን ቦታ አልፎ ሄደ፤ ሰውዬው ዝም ይላል፣ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል፤ መጨረሻው ይኸው ነበር። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ አባቴን እየወቀስኩ አለቀስኩ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «ጋሼ፣ ይቀንሱልን እባክዎ፣ ልጆቹ እያጠኑ ነው» አለች ጎረቤቴ።

ቀነስኩት። ያኔ ቢቸና አንድ የደከመ ድንጋይ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቀው እንዲሮጡ አድርጎ ነበር፤ ዛሬ እውነተኛው ለቅሶ ሲመጣ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀኝ የለም።