ያልወደቀው ባልዲ

ዛሬ ከልጄ ጋር ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሞ አጥሩን ኖራ ይቀባል። ባልዲው ከመሰላሉ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ቆምኩ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ጣሊያኖቹ በአቡጀዲ ላይ ድምፅ የሌለው ፊልም ሲያሳዩ፣ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከግቢያቸው አጥር ውጪ ቆመን አየን። ፊልሙ ላይ አለቃው ቀለም ቀቢውን በጥፊ ሲለው ሳቅሁ።

አባቴ በዚያው ጠዋት ለጣሊያን ወታደር እጅ አልነሣም ብሎ በጥፊ ተመትቶ ነበር።

«ሰው ሲመታ ትስቂያለሽ? ነይ ወደ ቤት!»

ፊልሙ ላይ ቀቢው መሰላል ወጣ፤ የኖራው ባልዲ በአለቃው አናት ላይ ዘመመ።

«አባባ፣ ባልዲው እስኪወድቅ ብቻ!»

አልሰማኝም፤ ጎተተኝ። ባልዲው ሲወድቅ ሳላይ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«እማዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ልጄ ክንዴን ሳበችኝ።

ለዚህ ዕድሜ ያደረሰኝን አመሰገንኩ፤ ቀቢውም በሰላም እንዲወርድ ጸለይኩ። ዓይኔ ግን ከባልዲው አልተነቀለም።