የሰልፉ ጭራ

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ላይ ሻይ የምትሸጠው ዘነቡ ሰውዬውን በስም አታውቀውም። የምታውቀው ሁልጊዜ የሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደሚቆም ነው። ከኋላው ሰው ከመጣ «ይለፉ» ብሎ ያስቀድማል። ኮቱ ንጹሕ ነው፤ መሃል ላይ የነበረችው ቁልፍ ግን ከረገፈች ወር አልፏታል፣ የሚተክልለት ያለ አይመስልም። የሳጥንና የቀስት ሥዕል የሞላበት ደብተር ከእጁ አይጠፋም።

«ዛሬም ልታረፍድ ነው?» አለችው አንድ ማለዳ ብርጭቆውን እያቀበለችው። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሥለው?»

«የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፣ እትዬ። በየቦታው ያሉ ማሽኖች ተጋግዘው የሚሠሩት። ገና ሳይገነባ በሥዕል አስመስዬ፣ ብዙ ሰው ባንዴ ቢጠቀምበት ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ እተነብያለሁ።»

«ጠንቋይ ነኝ በለኛ!»

ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው።

«የአምቡላንስ መጥሪያውንም ያሰላሁት እኔ ነኝ። በአማካይ ዐሥር ሴኮንድ ያስጠብቃል ብዬ ፈረምኩ። አማካዩ ልክ ነበር። ባለቤቴ የደወለች ዕለት ግን መስመሩ ተጨናንቆ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች፤ አልደረሱላትም። እኔ አማካዩን እንጂ ወረፋው መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ሰው አላየሁትም ነበር።»

«ነፍሷን ይማር፣ ልጄ» አለች ዘነቡ።

«ሳሪስ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ። ሰልፉ ላይ የቀረው ሰውዬው ብቻ ነበር። እግሩን ሊያነሣ ሲል አንዲት ሴትዮ እያለከለኩ ደረሱ።

«ይለፉ፣ እናቴ።»

ታክሲው ሄደ። እሱም ዞር ብሎ፣ ከኋላው የቀረ ሰው እንደሌለ አየ።