ቡላን ማስረዳት

እናቴን ስዊድን ካመጣኋት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማስታወሷ ይከዳት ጀመር። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ጥያት መውጣት ስለፈራሁ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባኋት። ዲላ ቢሆን ጎረቤቱ ምን ይለኝ ነበር እያልኩ ነው ያስገባኋት። እዚያ በገባች በሁለተኛው ወር መብላት አቆመች። ድንቹንም፣ ሾርባውንም፣ ዓሣውንም በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገዋለች። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች ምግብ በቱቦ ልንሰጣት ነው አለኝ። እናቴን አውቃታለሁ፤ ቱቦውን ነቅላ ትጥለዋለች፣ እነሱ ደግሞ እጇን ያስሯታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጨብጬም የሚታየኝ የታሰረ እጇ ነበር።

ኃላፊዋ ነርስ ደግ ሴት ናት። ቢሮዋ አስቀምጣ «ልጅ ሆና ምን ትወድ ነበር? ሲከፋት፣ ሲያማት ምን ይሰጧት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን የማይመልስ የጌዴኦ ልጅ የለም። እናቴ የቡሌ ሰው ናት፤ ብርድ አገር ተወልዳ አድጋ፣ ስታገባ ነው ዲላ የወረደችው። እኔና እህቴን ትኩሳት ሲይዘን የቡላ ገንፎ ታገነፋልን ነበር፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ መሀሉ ላይ ቅቤ የቀለጠበት። ለገንፎው ስል ያላመመኝን አመመኝ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

እንግዲህ አስረዳ። ቡላ ከእንሰት ነው አልኳት። እንሰት ምንድነው? ተክል ነው። ፍሬውን ነው የምትበሉት? አይደለም፣ ግንዱንና ሥሩን። ግንድ እንዴት ይበላል? ይፋቃል፤ ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ሲረጋ ከሥር ነጭ ነገር ይቀራል፣ ቡላ እሱ ነው። የተፋቀውስ? እሱ ቆጮ ይሆናል፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እስኪብላላ ይቆያል። «መሬት ውስጥ?» አለች። ቅጠል ይነጠፍበታል አልኳት፣ ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ። ስለ ቆጮ ማን ጠየቀኝ? እንሰት ሳያይ ላደገ ሰው በአማርኛም ቢሆን ማስረዳት ያታክታል፣ እንኳን በስዊድንኛ። ፊቴን ፈገግ አደረግኩ እንጂ ውስጤ እያረረ ነበር። እናቴ እየከሳች እኔ ስለ ጉድጓድ አወራለሁ።

በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ እህቴ ከዲላ የላከችልኝን የጓሯችንን ፎቶ አሳየኋት። ፊቷ በራ።

«ሙዝ ነው እኮ» አለች።

«አይደለም። ይመስላል እንጂ አይደለም። የሙዝ ዘመድ ነው በይው።»

ምነው ያቺን «ዘመድ» ባልተነፈስኳት። በማግስቱ ወጥ ቤቱ ለብ ያለ የተፈጨ ሙዝ፣ ቅቤ ጣል አድርጎበት ላከላት። ሳየው ደሜ ፈላ። ግን ማንን ልቆጣ? ነርሷ የቻለችውን ነው ያደረገችው። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተወችው፤ እኔም ወጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ። እሷ እዚያ ታለቅሳለች፣ እኔ እዚህ እበሳጫለሁ፤ ከሁለታችን አንዳችንም የሚረባ ነገር ማድረግ አልቻልንም። ደግነቱ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጎረቤቷ ለስብሰባ ወደ ስዊድን ሊመጣ ነበር። ቡላው ከቡሌ ተገዝቶ፣ ደርቆ፣ ከንጥር ቅቤ ጋር በሱ ሻንጣ እጄ እስኪገባ ሳምንታት አለፉ። በመሀሉ ነርሷ «ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች» ትለኝ ነበር፤ ምን እንደምትበላ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ገንፎ ጓጎለብኝ፣ ደፋሁት። ሁለተኛው ተሳካልኝ። በፔርሙስ ይዤ ለምሳ ሰዓት ደረስኩ። ሽታው ሲደርሳት እንደምታውቀኝም፣ እንደምትበላም ተስፋ አደረግኩ ብል ያንሳል፤ እርግጠኛ ነበርኩ።

ማንኪያውን ሳስጠጋላት ፊቷን አዞረች። «ምንድነው የሚሸተው?» አለች። ደግሜ ሳስጠጋ ከንፈሯን ገጠመች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ እኔው ቀምሼ አሳየኋት፤ ወይ ፍንክች። ነርሷ የሙዙን ሳህን ይዛ ገባች፤ አስተያየቷ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ይመስል ነበር። እናቴ ሳህኑን ተቀብላት በገዛ እጇ ጎረሰች። ደግማ ጎረሰች። ቱቦው ቀረ ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የመጣውን ገንፎ ይዤ እንደ አስተናጋጅ ቆሜአለሁ።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከእኔና ከእህቴ ጋር የምታወራው ሁልጊዜ በጌዴኦኛ ነበር፤ አማርኛዋ ለገበያና ለቢሮ ሰው ነው። አሁን በአማርኛ ጀመረች።

«እርስዎ ይሄን አያውቁም አይደል? እስቲ ይቅመሱ። አይፍሩ። እኛ አገር ነው ያለው፣ ቡላ ይባላል። እንሰት የሚባል አለ፤ ሙዝ ይመስላል፣ ሙዝ አይደለም።»

ማንኪያውን ዘረጋችልኝ። ቀመስኩ። ሙዝ ነው።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ሰው ሲታመም ነው የሚሰጠው። ልጄ ሲያመው ከዚህ ሌላ አይበላም።»

ግማሹ ላይ ስትደርስ ሳህኑን በወረቀት መሐረብ ሸፍና ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጨርሺው እንጂ» አልኳት።

«የልጄ ነው። ሲመጣ ይበላል።»

«ልጅሽ በልቷል፣ እማዬ። ጠግቧል። አንቺ ብይ።»

ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ልጄን የት ያውቁታል?» አለችኝ።