ደህናው ጉንጭ

እኔ ዘንድ ሞዛይክ የሚማር ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ተገልብጦ ይወጣበታል። ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው ዝም የምለው። እኔን ያስተማሩኝ ሰውዬም እንዲሁ አድርገውኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ከነበረ ሌላ ዶሮ ጋር ፊት ለፊት እንዲተያይ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሠራሁት አውራ ዶሮ ለጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። አለቀስኩ። እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ፣ የወርክሾፑ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ሻይ አዘዙልኝና «በቃ፣ አሁን ገባሽ» አሉኝ። እውነትም ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። የራሴን ወርክሾፕ ስከፍት ይህን ልማዳቸውን ይዤ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወለል ወይም ለመቃብር ሐውልት የሚሆን ሞዛይክ ፊቱ ለጥ ያለ መሆን ስላለበት ስባሪዎቹን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አንደረድርም። መጀመሪያ ሥዕሉን በወፍራም ወረቀት ላይ እንስላለን። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ በዱቄት ሙጫ እንለጥፋለን፤ ኋላ ሰው የሚያየው ፊታቸው ወደ ወረቀቱ ነው የሚዞረው። ከላይ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሲደርቅ ይገለበጥና ወረቀቱ በውኃ ርሶ ይላጣል። ያን ጊዜ ሲሠራ በቀኝ የነበረው በግራ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ከመጀመሪያው ገልብጦ ይስላል። የማያውቅ ደግሞ እንዳየው ይስልና ወረቀቱ ሲላጥ ጉዱን ያያል። በእኛ ቤት ሕጉ አንድ ነበር፦ አዲሱ ሰው ወረቀቱን እስኪልጥ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ቤቴ ከዓለም ባንክ ሰፈር ዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ወርክሾፑ ጓሮ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ መደማመጥ አይቻልም፣ እኔም መጮሄን አላቆምም። ጠዋት ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን መስኮት የሚሆን ባለቀለም መስታወት እቆርጣለሁ፣ በእርሳስ ብረት እያያያዝኩ እገጣጥማለሁ። ከሰዓት አስተምራለሁ። ክፉ ናት የሚሉኝ ሞልተዋል። ሥራ የሚያበላሽ ሰው ስለማልወድ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራ የሚያሳምር ሰውም ብዙ አልወድም።

ሴትዮዋ የመጣችው ጥቁር ለብሳ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይሆናል። አንድ ልጇ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታማ ሞታባታለች። ለሙት ዓመቷ ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ቀርቶ ነበር። ሐውልቱ ቆሟል፤ የፎቶው ቦታ ግን ባዶ ነው። ፎቶ በፀሐይ ይደበዝዛል ብለዋት የልጇን ፊት በብርጭቆ ስባሪ ማሠራት ሳይሆን መሥራት ፈልጋለች።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

«አይ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ አያውቋትም።»

መልሷ አልጣመኝም። «እንግዲያው ወፍ ሠርተሽ ጀምሪ። እዚህ ሁሉም ሰው በወፍ ነው የሚጀምረው» አልኳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወፍ የምሠራበት ጊዜ የለኝም።»

እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ ተማሪ አልነበረም። ሌሎቹ አራት ተማሪዎች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «እሺ» አልኳት። በሆዴ ግን «ቆይ፣ ትማሪያለሽ» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷን ፎቶ ፎቶ ቤት አስተልቃ ይዛ መጣች። ካርቦን ወረቀት ከሥሩ አድርጋ በወረቀቱ ላይ ቀዳችው። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ጨርቅ ላይ በሳሙና መስመር ማስመር የለመደ እጅ ነው። ፊቱ እንዳለ፣ ፎቶው ላይ እንደሚታየው ወጣ። ከግራ ዓይኗ ሥር፣ ጉንጯ ላይ፣ አጭር ጠባሳ አለ። እሱንም ቀዳችው።

«እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። «ልክ ነው? ከዚህ በኋላ መለጠፍ ብቻ ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልተገለበጠም። ሥዕሉን ገልብጦ እንደገና መቅዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አጠገቧ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር አንገቱን አስግጎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምለው...» ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ የራስዎን ይሥሩ» አልኩት። ወደ ሥራው ተመለሰ። ወደ እሷ ዞሬ «ቀጥይ» አልኳት።

ቀጠለች። የሰው ቆዳ የሚመስል ብርጭቆ ገበያ አይገኝም፤ እሷ ግን ቆሼ አካባቢ ጠርሙስ የሚለቅሙ ሴቶችን ታውቅ ኖሮ በፌስታል በፌስታል ታመጣ ነበር። የቢራ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የሽቶ ዕቃ፣ የማር ቀለም ያለው የመብራት ሽፋን። እያጠበች፣ በፒንሳ እየቆረጠች፣ ከጥቁር ቡና እስከ ፈዛዛ ሻይ ድረስ ቡናማውን ብቻ በስምንት ጣሳ ለይታ አስቀመጠችው። ያን የመሰለ ዓይን እኔ የለኝም። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የመላእክት ፊት ስሠራ አንድ ዓይነት ቡናማ አድርጌ ነው ያለፍኩት፤ ማንም አላማረረም። እሷ የአፍንጫውን ጥላ ለመሥራት ብቻ አራት ቀን ፈጀች፤ አራተኛው ቀን ላይ ከወረቀቱ ሰው አየኝ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ብርጭቆ በሁለቱም ወገን አንድ ስለሆነ ስትሠራ የምታየው ትክክለኛዋን ልጇን ነበር። ጠባሳው በቦታው፣ ፀጉሯ የተከፈለበት መስመር በቦታው። አንዳንዴ እጇን አሳርፋ ዝም ብላ ታያት ነበር። ሁለት ወር አልፎ ሦስተኛው ሲገባ ልጅቷ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልክ ሆና ተኛች፤ ልክ እንደማትሆን የምናውቀው እኛ ነበርን።

የጠባሳውን ነገር የነገረችኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሌሎቹ ሄደው እኔና እሷ ብቻ ቀርተናል። መጀመሪያ የለጠፈችው ጠባሳውን እንደሆነ አይቼ ነበርና ለምን ከዓይን እንዳልጀመረች ጠየቅኳት።

«እኔ ነኝ ያደረግኩባት» አለች። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለአሻንጉሊት ልብስ ብላ የደንበኛ ጨርቅ በመቀስ ቆረጠችው። እናት ተናዳ በእጇ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ወረወረች። «ግድግዳውን ልመታ ነበር። እሷ ብድግ አለች።»

«በቃ ተይው እንግዲህ። ያለ ጠባሳ ብትሠሪያት ማን ያውቃል?»

«ቆንጆ ትሆናለች» አለች፣ ጠባሳው ላይ ያስቀመጠችውን ነጭ ስባሪ በጣቷ እየነካች። «ግን እሷ አትሆንም። እኔም ያላደረግኩ እመስላለሁ።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሲሚንቶው ገና አልፈሰሰም። ስባሪዎቹን ነቅሎ በተገለበጠ ሥዕል ላይ እንደገና መለጠፍ ይቻላል፤ ሦስት ሳምንት ነበረን፣ አምስታችን ብናግዛት ይደርሳል። አፌ ድረስ መጣ። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ ቆይቼ አሁን ብናገር «እስካሁን የት ነበሩ?» ትለኛለች። እሱን ፈራሁ። ደግሞ ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታ መልሳ የምታዞር ሴት ናት፤ ይህን ራሷ እንዴት አታስብም አልኩ። የሚገርመው፣ በዚህ ሐሳብ ተጽናናሁ። ተነሥቼ መብራቱን አጠፋሁና «ነገ ሲሚንቶ እናቦካለን» አልኳት።

ወረቀቱ የሚላጥበት ቀን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ለሙት ዓመቱ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር። የደረቀው የሲሚንቶ ሰሌዳ ከባድ ስለሆነ የሒሳብ መምህሩና እኔ ይዘን ገለበጥነው። ልማዱ ስለሆነ ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡ። ስፖንጅ ሰጠኋት። ወረቀቱን ከጫፉ እያራሰች፣ የተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ እንደሚገፍ ሰው ቀስ እያለች ላጠችው። ግንባሯ ወጣ። ቅንድቧ። ዓይኖቿ ሲወጡ ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ከዚያ ጉንጩ ወጣ።

የተማሪዎቹ ታናሽ የሆነችው ልጅ ከልምድ አጨበጨበችና «ተገለበጠች!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ለወፉም ለዓሣውም እንደዚያ ነበር የምንለው። ሌላዋም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከግማሽ ተቋረጠ።

ሴትዮዋ አልገባትም። ጠባሳውን ነካችው። እጇን ወደ ራሷ ግራ ጉንጭ ወሰደች፣ ከዚያ ወደ ቀኙ፣ እንደገና ወደ ሰሌዳው።

«ይሄ እኮ ደህናው ጉንጯ ነበር» አለች። «ይሄኛውን አልነካሁትም ነበር።»

ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን። የሒሳብ መምህሩ ጫማውን አየ። ያጨበጨበችው ልጅ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሰች።

«ያውቁ ነበር?»

ይቅርታ ማለት ይገባኝ ነበር። ያልኩት ግን «እዚህ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚማረው» ነው።

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፒንሳዋን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰሌዳውን እናድርስልሽ ብላትም ዞር ብላ አላየችውም። ያን ዕለት ሻይ ያዘዘ የለም።

ሙት ዓመቱ ላይ የሒሳብ መምህሩ ብቻ ሄደ። ተመልሶ እንደነገረኝ፣ ሐውልቱ ላይ ለፊቷ የተተወው አራት ማዕዘን ቦታ በባዶ ሲሚንቶ ተደፍኗል። ከዚያ ቀን በኋላ እሱም መምጣት አቆመ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ልማዴ አሳሳተኝ ብዬ አልፈው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን ጦር ኃይሎች አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ የወርክሾፑን ሥራ ለሕዝብ አቀረብን። የእኔ የመስኮት መስታወቶች ነበሩ፣ የተማሪዎቹ ወፎችና ዓሣዎች ነበሩ። የልጅቷን ፊትም ወሰድኩት። አላስፈቀድኳትም። ከሁሉ የተሻለው ሥራ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው የእኔ ወርክሾፕ እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል እንዲል ፈለግኩ። ከሥሩም የራሴን ብልጠት ጻፍኩበት፦ «ራሷን በመስታወት እንዳየችው»። ስህተቱ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሐሳብ ሆነ።

ሰው ወደደው። መስኮቶቼን በጨረፍታ አልፎ እሱ ፊት ቆመ። አንዳንዱ ጽሑፉን አንብቦ «ኦ!» ይላል። የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ ያለኝ አንድ ወጣት ሰው ራሱን በሌላ ሰው ዓይን ስላለማየቱ ብዙ አወራኝ። እኔም አዎ፣ አዎ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

እሷ ስትገባ ያየኋት ከሩቅ ነው። ጥቁሩን አውልቃለች፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ሰላም አላለችኝም። ቀጥ ብላ ሄዳ ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ጽሑፉን አነበበች። መላ የጠፋኝ እኔ ነኝ። ሠሪዋ ተብላ በሰው ፊት ብትመሰገን ይሻላታል መስሎኝ፣ ለወጣቱ «የሠራችው እሷ ናት፤ እናቷ ናት» አልኩት።

ልጁ እየሮጠ ሄደ። አንገቱን ሰበር አድርጎ በአክብሮት ጠየቃት።

«እማማ፣ ልጅዎ ናት?»

ሴትዮዋ ፊቱን ደግማ አየችው። በእጇ የሠራችውን አፍንጫ፣ አራት ቀን የፈጀችበትን ጥላ፣ ቀኝ ጉንጩ ላይ ያለውን ነጭ ስባሪ።

«አይደለችም፣ የኔ ልጅ» አለችው። «የእኔዋ ጠባሳዋ በግራ ነው።»

ወጥታ ሄደች። ወጣቱ ተሳስቶ ሌላ ሴት የጠየቀ መስሎት ወደ እኔ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ችግር የለም አልኩት። ጽሑፉን ከግድግዳው ያነሣሁት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።