ጋዙን የጨረሰው ቁሌት

ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፤ የሚጣፍጠው ቆይቶ ነው። ትናንት ያ ሽታ ኩሽናዬን ሲሞላው፣ ማማሰያውን እንደያዝኩ በሐሳብ ወደዚያ ሞተርሆም ተመለስኩ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካልጋሪ ከተማ፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር ነው። እናቴ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ወጧ ምድጃው ላይ ይጠብቀናል እንጂ እሷን ገበታ ላይ አናገኛትም። አንድ ሐምሌ የእሷና የአባቴ እረፍት ገጠመና እሱ ለሦስት ቀን ሞተርሆም፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና፣ ተከራየ።

ለመንገድ የገዛው ሆት ዶግ ነበር። እናቴ አይታው፣ «አብረን ለመብላት ስንት ጊዜ ጠብቄ ይሄን ልታበላኝ ነው?» አለችና ዶሮዋን፣ ቅቤዋን፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርቷን ጫነች።

ከከተማችን በሩቁ የሚታዩት ተራሮች ሥር ካምፕ አደረግን። በማግስቱ ከጠዋት ጀምራ አቁላላች። ሁለት እሳት ብቻ ባላት ጠባብ ምድጃ ላይ ድስቷ ከግድግዳው ጋር ይጋፋል። መስኮቱ አላበው፤ መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ ጃኬቴ ሳይቀር ሽንኩርት ሸተተ። እኔ ደግሞ ከጎናችን ካቆሙት ፈረንጆች ሴት ልጅ ጋር ጓደኛ ሆኜ ነበርና፣ ሽታው ከእኛ ዘንድ እንዳልሆነ መስዬ ውጭ ተቀመጥኩ።

ዶሮው ሊገባ ሲል እሳቱ ጠፋ።

አባቴ ወጥቶ ሲሊንደሩን ነቀነቀው። «ለሦስት ቀን የተባለ ፕሮፔን ጋዝ! በሽንኩርት ጨረሽው እኮ!»

«ታዲያ ሽንኩርት እንዴት ይቸኩላል?» አለች እናቴ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የልጅቷ እናት ምድጃዋን ለቀቀችልንና ወጡ እዚያ ደረሰ።

ሁላችንም ውጭ በእንጨቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች። ልጅቷ ታየኛለች። ፊቴን አዞርኩ።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖት ሂር። ቤቢ አይደለሁም እኮ።»

እጇ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ፣ «እሺ፣ እናቴ» ብላ ራሷ ጎረሰችው።

ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ግን ከዚያ ወዲያ አጉርሳኝ አታውቅም፤ በልደቴም፣ በሠርጌም። እኔም አጉርሺኝ አላልኳትም። ኩራት ይሁን ሞኝነት እንጃ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝታ ምግብ አልበላም አለች። ከሥራ መልስ በጥድፊያ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ተራሮቹ ከመስኮቷ ይታያሉ። ከእንጀራው ትንሽ ቆርሼ ጠቀለልኩና ዘረጋሁላት። ፊቷን ታዞርብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

አላዞረችም። ብዙ ቆይታ አላመጠች፣ ዋጠችም።

«ሽንኩርቱ አልበሰለም» አለችኝ በቀስታ። «ጋዝ አልቆብሽ ነው?»

እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩም፣ ሁለተኛውን ጠቀለልኩ፤ አንድ አጉርሶ መተው የለማ። ቀና ስል እንቅልፍ ወስዷታል። ያቺ የመጨረሻ ጉርሻዋ እንደነበረች ያወቅኩት በኋላ ነው።

እጄ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ራሴ ጎረስኩት።